ከኦባን ወደ ኦባን፦ በትልቁ ፌሪ ሂዱ፣ በትንንሾቹ ተመለሱ

ስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ላይ አንድ ሙሉ ቀንና አንድ መኪና ካላችሁ ይሄን ዙር ሂዱት። ከኦባን በትልቁ ፌሪ ወደ መል ደሴት ትሻገራላችሁ። ደሴቱን አቋርጣችሁ አዮና የምትባል ሌላ ትንሽ ደሴት ትደርሳላችሁ። ስትመለሱ ግን በመጣችሁበት አትመለሱም። ፊሽኒሽ ከምትባል ቦታ በትንሽ ፌሪ ሎካሊን ትሻገራላችሁ፣ የዋናው ምድር ክፍል የሆነውን ሞርቨንን በመኪና ታቋርጡና ኮራን ላይ ሌላ ትንሽ ፌሪ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ በባህሩ ዳር ዳር እየነዳችሁ ኦባን ትገባላችሁ። አብዛኛው ሰው ደርሶ መልስ ትኬት ቆርጦ በዚያው በትልቁ ፌሪ ነው የሚመለሰው። እኔ መመለሻውን አትቁረጡ ነው የምለው። ባለፈው ሰኔ እናቴን ይዤ ስሄድ ቀናችንን ያተረፈልን ይሄ ውሳኔ ነው።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ከትልቁ ፌሪ ልጀምር። ከኦባን መል ላይ ወዳለችው የክሬግኒዩር ወደብ የሚሄደው መስመር የካልማክ ነው። ካልማክ የመንግሥት ድርጅት ነው፣ ምዕራብ ስኮትላንድ ውስጥ አብዛኞቹን ደሴቶች የሚያገናኘው እሱ ነው። መርከቦቹን ከሩቅ ታውቋቸዋላችሁ፤ ጥቁር ሆድ፣ ነጭ ላይ፣ ቀይ ጭስ ማውጫው ላይ የአንበሳ ምልክት። እማዬ አንበሳውን ስታይ ፊቷ በራ። «ይሄማ የኛ ነው» አለች።

መኪና ይዛችሁ ከሆነ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። በበጋ ቶሎ ይሞላል። እግረኛ ብዙ አይቸገርም፣ መኪና ግን ይቸገራል። ዋጋው ከ2015 ወዲህ ለመኪናም ለሰውም ቀንሷል፣ ምክንያቱም ታሪፉ ያንኑ ርቀት በመንገድ ብትነዱት ከሚያስወጣችሁ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው የሚሰላው። ደሴት ላይ የሚኖር ሰው ባህር ስለከበበው ብቻ ከሌላው የበለጠ መክፈል የለበትም የሚል ሐሳብ ነው። ትክክል ሐሳብ ነው። እኛ ጎብኚዎቹም በነሱ ተጠቀምን።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደቡ ደረስን። በአቀባበል በኩል ምንም የሚወጣለት እንከን አላየሁም። አንድ ሰራተኛ ስማችንን አየና የመስመር ቁጥር ሰጠን፣ መስመራችን ላይ ቆመን ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ በእጅ ምልክት እየመሩ መርከቡ ሆድ ውስጥ አስገቡን። ከፊት መኪና ጋር የቀረው ክፍተት አንድ ክንድ አይሞላም። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ የመኪናውን አላርም አጥፉ። አላርሙን የረሳ ሰው መርከቡ በተወዛወዘ ቁጥር መኪናው ሲጮህ ይውላል። ጉዞው ላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ ስለማይፈቀድ ጃኬትና ስልክ ይዛችሁ ውጡ። በሰኔም ቢሆን ጃኬት። ላይኛው ወለል ላይ ያለው ነፋስ ቀልድ አያውቅም።

መሻገሪያው ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም። ኦባን ወደ ኋላ ስትቀር ከከተማዋ በላይ ያለው ክብ የድንጋይ ግንብ ይታያችኋል። ማኬግ የተባለ የባንክ ሰው በ1897 ያስጀመረው ነው፣ በ1902 ሲሞት ሥራው እዚያው ቆመ። ቀጥሎ በቀኝ በኩል በ1833 የተሠራው የሊዝሞር የመርከብ መብራት ይመጣል። እዚህ ጋ ሻይ ቤት ውስጥ አትቀመጡ፣ ውጡ። ከመብራቱ አለፍ ብሎ ማዕበል ሲሞላ የሚሰጥም ዝቅ ያለ ድንጋይ አለ። የእመቤት ድንጋይ ነው የሚሉት። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በ1500ዎቹ መጀመሪያ የማክሊን ጎሳ አለቃ ሚስቱን ጠላና ውሃ እንዲወስዳት እዚያ ድንጋይ ላይ ጥሏት ሄደ። አሳ አጥማጆች ደርሰው አወጧት። የሷ ወገኖች ካምቤሎች ነበሩ፣ በኋላ ደሟን መለሱ። ለእማዬ ስነግራት አሳ አጥማጆቹ ጋ ስደርስ «እሰይ!» ብላ አጨበጨበች። ወዲያው ደግሞ የዚያው ጎሳ መኖሪያ የሆነው የዱአርት ቤተ መንግሥት ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ይታያል። መሠረቱ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ፈርሶ ቆይቶ በ1911 ገደማ ነው መልሰው ያነሱት። ድንጋዩንና ቤተ መንግሥቱን በአንድ እይታ ማየት የሚቻለው ከመርከቡ ላይ ነው። ለዚህ ብቻ ትኬቱ ይገባዋል።

ክሬግኒዩር ላይ መርከቡ አፉን ከፍቶ ሁሉንም ይተፋል። መኪናው ሁሉ በሰልፍ ይወጣና ለሁለት ይከፈላል። ወደ ቀኝ የሄዱት ቶበርሞሪ ናቸው፣ ባለቀለም ቤቶቿን ፎቶ ላይ አይታችኋል። እኛ ወደ ግራ፣ ወደ አዮና መሻገሪያው ወደ ፊናፎርት ታጠፍን። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማድረግ የሚሞክር ሰው መንገድ ብቻ ነው የሚያየው። አንዱን ምረጡ። እኔ አዮናን ነው የምመርጠው።

ከክሬግኒዩር ፊናፎርት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ያዙለት፣ ለማየት ከቆማችሁ የበለጠ። መንገዱ በአብዛኛው ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው። በየጥቂት መቶ ሜትሩ ማሳለፊያ የሚሆን ሰፋ ያለ ቦታ አለ፣ ምልክትም ቆሞለታል። ደንቡ ቀላል ነው ግን ብዙ ጎብኚ ይሳሳትበታል። ማሳለፊያው በግራችሁ ከሆነ ትገባላችሁ። በቀኛችሁ ከሆነ አትሻገሩም፣ በራሳችሁ መስመር ከትይዩው ቆማችሁ የሚመጣው እሱ ይገባበታል። በቀኝ መንዳት ለለመደ ሰው እዚህ ጋ ነው እጁ የሚሳሳተው። ከኋላ የተጠጋችሁ መኪና ካለም ገብታችሁ አሳልፉት፤ የአካባቢው ሰው ነው፣ ሥራ አለው፣ ሐኪም ወይም ፖስታ ሊሆን ይችላል። ማሳለፊያው ላይ ፎቶ ለማንሳት መኪና አታቁሙ። ይሄን በጣም ነው የምለምናችሁ። ሁለት ቦታ ላይ እንዲህ ያቆሙ ሰዎች አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲያስነዱት አይቻለሁ።

በተረፈ ደስ የሚለው ነገር ሰላምታው ነው። ያሳለፋችሁት ሁሉ እጁን ያነሳል። እማዬ ከሦስተኛው መኪና በኋላ ከኔ ቀድማ እጅ መንሳት ጀመረች፣ በወንበሯ ጎንበስ እያለች፣ ለእያንዳንዱ።

ግሌን ሞር የሚባለው ሸለቆ ውስጥ ስትገቡ ቤት የለም፣ ዛፍ እምብዛም የለም። ተራራ፣ ፈርን፣ በጎችና ውሃ ብቻ። ይሄ ሁሉ ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የነበረ ቦታ ነው። በቀኝ በኩል ቤን ሞር አለ፣ 966 ሜትር። ለኛ አገር ሰው 966 ሜትር ቆላ ነው፣ ግን ከባህር ጠለል ተነስቶ ቀጥ ስለሚል ግርማው ሌላ ነው። እኛ ስናልፍ ጫፉን ደመና ይዞት ነበር። ሎክ ስክሪዴን የሚባለው የባህር ክንድ ዳር ስንደርስ አንድ ትልቅ ወፍ ዝቅ ብሎ አለፈ። ባለ ነጭ ጭራው የባህር ንስር ነው፣ ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 2.4 ሜትር ይደርሳል። ብሪታኒያ ውስጥ አድነው ጨርሰውት ነበር፤ ከ1975 ጀምሮ ከኖርዌይ ጫጩት እያመጡ ረም ደሴት ላይ ለቀቁ፣ በ1985 እዚሁ መል ላይ በዱር የመጀመሪያው ጫጩት አድጎ በረረ። መስኮት ከፍተን ዝም ብለን አየነው።

ፊናፎርት ላይ መኪናውን ታቆማላችሁ። አዮና የጎብኚ መኪና አይገባም። እግረኛ ሆናችሁ በፌሪ ትሻገራላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ዳርቻው ላይ ያለው ድንጋይ ሮዝ ግራናይት ነው፣ ውሃው ደግሞ ከነጩ አሸዋ የተነሳ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ፎቶ ያነሳሁት ሁሉ ቀለም የጨመርኩበት ይመስላል፣ አልጨመርኩም።

አዮና ትንሽ ናት፣ ርዝመቷ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቅዱስ ኮሎምባ ከአየርላንድ በጀልባ መጥቶ ገዳም የመሠረተባት በ563 ነው። የስኮትላንድ ክርስትና ብዙው ከዚህች ደሴት ነው የወጣው። ቫይኪንጎች ደጋግመው ዘርፈዋታል፣ በ806 ብቻ 68 መነኮሳት ገደሉ። አሁን የሚታየው ሕንፃ በ1200 ገደማ የተጀመረው ገዳም ነው፣ ፈርሶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታደሰ። መግቢያ ያስከፍላል። ክፈሉ።

እማዬ በሩ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አደገደገች፣ መቃኑን ተሳልማ ገባች። ጥበቃው ሴትዮ ዝም ብላ አየቻትና ትኬታችንን ሳትቆርጥ ቆየች፣ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ስትጨርስ ደግሞ ከዋናው በር በስተግራ ያለችውን ትንሽ ጸሎት ቤት በእጇ አሳየቻት፣ የኮሎምባ መቃብር የነበረበት ቦታ ነው ብላ። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። ገባች። እኔ ውጪ የቅዱስ ማርቲን መስቀል ሥር ተቀመጥኩ። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከቆመበት ሳይነቃነቅ እዚያው አለ፣ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፣ ፊቱ በሙሉ ተቀርጾበታል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ስትወጣ «ጣና ያለሁ መሰለኝ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ የሄድንበት መቃብር ቦታ የድሮ የስኮትላንድ ነገሥታት እንደተቀበሩበት በትውፊት ይነገራል፣ ማክቤዝንም ጨምሮ። በ1994 ያረፈው የብሪታኒያ ሌበር ፓርቲ መሪ ጆን ስሚዝም ደሴቲቱ ላይ ነው የተቀበረው።

ምሳ ላይ አንድ ምክር። እማዬ የሰኔን ጾም ትጾማለች፣ ሰግቼ ነበር። የስኮትላንድ ሾርባ ብዙ ጊዜ የምስር ነው፣ ግን ሁሌም ጾም አይደለም፤ በአሳማ አጥንት የሚቀቅሉት አሉ። «ቪጋን ነው ወይ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቀዋል። እኛ የገባንበት የነበረው የጾም ነበር፣ ትኩስና ወፍራም፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን በላች።

አሁን ወደ ክፋቱ። 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ከፊናፎርት ተነሳን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደነዳሁ ከፊት ትልቅ መኪና መጣ፣ ወደ ማሳለፊያው ስገባ የአስፋልቱ ጠርዝ ተሸርሽሮ ስለት ሆኗል፣ የግራ ፊት ጎማ ነካው። ተነፈሰ። ወርጄ የኋላውን ከፈትኩ፣ ስኮርታ የለም። ክሪክም የለም። ያለው አንዲት ትንሽ ነፋስ መሙያና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ብቻ። መኪናውን ያከራየኝ ድርጅት ወደ ደሴት እንደምሄድ ነግሬው ነበር። ስለ ጎማ መድን ተጨማሪ ገንዘብ እንድከፍል አሥር ደቂቃ ሲያግባባኝ የቆየው ሰውዬ፣ ስኮርታ እንደሌለው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይሄ ልክ አይደለም። ስልክ በየቦታው በማይሠራበትና ጎሚስታ ሩቅ በሆነበት አገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። መኪና ስትከራዩ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት የኋላውን አስከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

የበግ አርቢ የሚመስል አንድ አዛውንት በላንድሮቨር መጥቶ ቆመ። ቀዳዳው ትንሽ እንደሆነ አሳየኝ፣ ማጣበቂያውን አብረን ሞላን፣ ነፋሱን ሞላን። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዳ አለኝ። በዚያ መንገድ ከ60 በላይም አይነዳም። ስም ሳንለዋወጥ ሄደ። እማዬ ከኋላው ቆማ ስትመርቀው ነበር፣ ቋንቋው ባይገባውም ባርኔጣውን አንስቶ ነው የተለያት።

በዚህ መሃል ሃምሳ ደቂቃ ሄደ። የተያዘ የመመለሻ ትኬት ቢኖረኝ ኖሮ እዚያ መንገድ ላይ እየተጨነቅኩ፣ ጎማው ባልደረቀ ማጣበቂያ፣ በጠባብ መንገድ እየሮጥኩ ነበር የምሄደው። ፌሪው ካመለጠ ደግሞ በሰኔ ቀጣዩ ላይ ቦታ መኖሩ አያስተማምንም። ለዚህ ነው ስለ ፊሽኒሽ የምጮኸው። የፊሽኒሽና የሎካሊን ፌሪ ቦታ አስቀድሞ አይያዝበትም። ቀድሞ የደረሰ ይገባል። ትደርሳላችሁ፣ ትሰለፋላችሁ፣ ትመጣለች፣ ትገባላችሁ። አንዷ ብትሞላ ለቀጣይዋ መጠበቅ ነው። እንደ ትልቁ ፌሪ ወደብ ላይ ቀድሞ ተገኝቶ መመዝገብ የለም። እኛ ስንደርስ ሰባት መኪና ነበር፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅን፣ ሁላችንም ገባን። መሻገሪያው ራሱ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። እማዬ ወርዳ የብረት አጥሩን ይዛ ቆመች፣ ነፋስና የባህር ጨው ፊቷ ላይ። ከሁሉም ፌሪ ይቺን ነው የወደደችው። እኔም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ምሽት ላይ ቶሎ ነው የምታቆመው፣ የመጨረሻዋን ሰዓት ጠዋት ላይ አይታችሁ ውጡ። ሱቅም ሆነ ነዳጅ ማደያ እዚያ አትጠብቁ።

ሎካሊን ከላይ ሲያዩት ዝም ያለ መንደር ነው፣ ከሥሩ ግን የአሸዋ ማዕድን አለ። በጣም ንጹህ ነጭ አሸዋ ነው፣ በ1940 በጦርነቱ ጊዜ ጥራት ላለው መስታወት ሲፈለግ የተከፈተ። ከዚያ እስከ ኮራን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎብኚው ሁሉ መል ላይ ስለሚቀር ሞርቨን ውስጥ መኪና ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር ከቀኑ መንገድ ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። ደን፣ ጅረት፣ አንድ ሁለት አጋዘን፣ ከዚያ ድንገት ኮረብታ ትወጡና ሎክ ሱናርት ከሥር ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ስትሮንቲያን የምትባለው መንደር ጋ ቁሙ። ስትሮንቲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ከዚህች መንደር ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእርሳስ ማዕድኗ በወጣ ድንጋይ ውስጥ ነው የታወቀው። ርችት ሲተኮስ የምናየው ደማቅ ቀይ የሱ ሥራ ነው። ይሄን ስነግራት እማዬ ከመንገድ ዳር አንዲት ጠጠር አንስታ ኪሷ ከተተች። ተራ ጠጠር ናት፣ ግን አሁን ሳሎኗ ውስጥ ናት።

ኮራን ላይ ያለው ፌሪ የካልማክ ሳይሆን የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ሎክ ሊኒ በጣም የሚጠብበት ቦታ ነው፣ መሻገሪያው አምስት ደቂቃ ነው። ቦታ አይያዝም፣ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፣ ክፍያው እዚያው ነው። እሱን ብትተዉት በመኪና ዞሮ ለመምጣት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርባችኋል። ውሃው ወንዝ ነው የሚመስለው፣ ማዕበሉ በዚያ ጠባብ ሲያልፍ ጀልባዋን ወደ ጎን ይገፋታል፣ ነጂው ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ላይ አዙሮ በሰያፍ ያሻግራታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማየት ያስደስታል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሁለት መስመር፣ ትንፋሽ ትወስዳላችሁ። አፒን ላይ ውሃ መሃል ያለውን የስቶከር ግንብ ከመንገዱ አይታችሁ እለፉ። ኮኔል ድልድይ ጋ ግን ውረዱ። በ1903 ለባቡር የተሠራ ነው፣ ባቡሩ በ1966 ሲቀር ለመኪና ብቻ ሆነ። ከሥሩ ማዕበሉ ሲወርድ ባህሩ እንደ ፏፏቴ ይንደቀደቃል፣ ሎራ ነው የሚሉት። እኛ የደረስነው በደህናው ሰዓት ስለነበር ውሃው ነጭ ሆኖ ይጮህ ነበር።

ኦባን 2 ሰዓት ላይ ገባን። ፀሐይ ገና አልወረደችም፣ በሰኔ እስከ 4 ሰዓት ድረስ አለች። የማታው ፌሪ ከመል ሲመለስ ወደቡ ዳር ቆመን አየነው። እማዬ ከውስጡ ለወጣው መኪና ሁሉ እጅ ነሳች።

ኮከብ ከተባለ ለትልቁ ፌሪ 4 ከ5፣ ለፊሽኒሽ 5፣ ለኮራን 5። ለመኪና አከራዩ 1። ጎማውን በማግስቱ ኦባን ውስጥ አንድ ጎሚስታ በደንብ ሠራልኝ፣ ደረሰኙን ለአከራዩ ልኬለታለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም። ሲመልስ እዚሁ እጽፋለሁ።